እግሮችህን የት ጥለህ መጣህ?

ይህ ጽሑፍ ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አየርላንድ፣ ደብሊን፣ በወር አንዴ በምንገናኝበት የንባብና የጨዋታ ምሽት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ያልመጣችሁ «ጻፊልን» ስላላችሁኝ ብዙም ሳልነካካው እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

እንደምን አመሻችሁ! እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፤ በዚህ ዝናብ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስለመጣችሁ ፈጣሪ ያክብርልኝ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ባዶ ወንበር አለ። ኑ፣ ተቀመጡ። ቡናው ገና እየተቆላ ነው። እስኪፈላ ድረስ የእኔ ናችሁ።

ዛሬ ስለ ዘፈን ነው የማወራው። ስለ አይሪሾች ዘፈን። እሱም ስለ ሁሉም ሳይሆን ስለ አንድ ዓይነቱ ብቻ፤ ስለ ጦርነት የሚያወራ፣ ጦርነትን ግን የማያሞግስ ዘፈን። እዚህ አገር ስንት ዓመት ኖርን? አንዳንዶቻችን አሥር፣ አንዳንዶቻችን ሃያ። ዘፈኖቹ በየሄድንበት ይሰማሉ። በፐቡ፣ በመጠጥ ቤቱ፣ ደጃፍ ስናልፍ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ። ዜማውን እናውቀዋለን። ግጥሙንስ ሰምተነው እናውቃለን?

ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ እነዚህ ዘፈኖች በማን አፍ ነው የሚናገሩት? ሁለተኛ፣ ከየት መጡ? ሦስተኛ፣ ለምን አልሞቱም? ዓመተ ምሕረት ስጠራ በፈረንጆቹ ነው። የአገር ቤቱን ስጠራ እነግራችኋለሁ።

ከነጥቦቹ በፊት ግን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ይሄን ሥራ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ጭር ይላል። የሚሰማው የአየር ፍራሾቹ ሞተር ብቻ ነው። አንድ አዛውንት ነበሩ፣ እንቅልፍ የሚባል የላቸውም። አልጋቸው ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው የአልጋውን ብረት በጣታቸው እየመቱ ያዜማሉ። ዜማው ደስ ይላል። የልጆች ጨዋታ ነው የሚመስለው። «ቱ ሪ አ፣ ፎል ደ ዲድል አ» የሚል አዝማች አለው። ትርጉም የለውም፣ እንደ እኛ «ላ ላ ላ» በሉት። እኔም ትራሳቸውን እያስተካከልኩ አዝማቹን አብሬያቸው እላለሁ። ወር ሙሉ እንዲህ አብረን ዘፈንን።

አንድ ሌሊት ግን ግጥሙን አዳመጥኩት። እናት ልጇን ትጠይቃለች። «ሰክረህ ነው ወይስ ታውረህ፣ ሁለቱን ያማሩ እግሮችህን ጥለህ የመጣኸው?» ትለዋለች። እጄ ትራሱ ላይ ቀረ። ወር ሙሉ የዘፈንኩት ለካ ይሄ ነው?

ድንጋጤዬን አይተው ነው መሰለኝ፣ «ከየት አገር ነሽ?» አሉኝ። «ከኢትዮጵያ» አልኳቸው። ወገባቸውን ቀና አደረጉ። ወታደር ስሙ ሲጠራ ቀና እንደሚለው። «ኤልሳቤትቪል ከእናንተ ልጆች ጋር ነበርን» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። በ1960 ኮንጎ ነፃ ወጥታ ወዲያው ስትታመስ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ላከ። በዚያ ጦር ውስጥ የአየርላንድም የእኛም ወታደሮች ነበሩበት። በ1961 መጨረሻ ኤልሳቤትቪል፣ በዛሬው ስሟ ሉቡምባሺ፣ ውጊያ ሲካሄድ ሁለቱም እዚያ ነበሩ። አይሪሾቹ መጀመሪያ ሲሄዱ ለዚህ አገር ብርድ የተሠራውን ወፍራም የሱፍ ዩኒፎርም እንደለበሱ ነው ወደዚያ ሙቀት የገቡት። አዛውንቱ ሁለት ጊዜ ነው የዘመቱት። የሚያጫውቱኝ ግን ስለ ሱፉ ብቻ ነበር። አንገታቸውን እንዴት እንደሚያሳክካቸው። ስለ ውጊያው አንድም ቀን አንስተውልኝ አያውቁም።

አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኳቸው። «እርስዎ ወታደር ሆነው እንዴት እንዲህ ያለ ዘፈን ይወዳሉ?» አልኳቸው። ዝም ብለው አዩኝና፣ «ታዲያ ሌላ ማን ይዝፈነው?» አሉኝ።

ይህን መልስ ያዙልኝ። እመለስበታለሁ።

እሺ፣ አንደኛው ነገር። ዘፈኖቹ በማን አፍ ነው የሚናገሩት?

የአዛውንቱ ዘፈን «ሚስስ መግራ» ይባላል። ታሪኩ አጭር ነው። ሳጅኑ ወደ እናትየው ቤት ይመጣል። «ልጅሽን ቴድን ወታደር ብናደርገው ምን ይመስልሻል? ቀይ ኮት፣ ትልቅ ባርኔጣ!» ይላታል። ልጁ ይሄዳል። እናት ባሕር ዳር ቆማ ሰባት ዓመት ትጠብቃለች። በሰባት ዓመቱ መርከቡ ይመጣል። ቴድ ይወርዳል። እግር የለውም። በእግሮቹ ምትክ ሁለት እንጨት። «ሰክረህ ነው ወይስ ታውረህ?» የምትለው ያኔ ነው። «ወይስ በባሕር ላይ ስትራመድ እስከ ጉልበትህ አለቀብህ?» ትለዋለች። እሱም «አልሰከርኩም፣ አልታወርኩም። ሜይ አምስት ቀን የመድፍ ጥይት ወሰዳቸው» ይላታል።

ቀኑን ልብ በሉ። በ1811 ከሜይ 3 እስከ 5 ስፔንና ፖርቱጋል ድንበር ላይ፣ ፉዌንቴስ ዴ ኦኞሮ በምትባል መንደር፣ የእንግሊዝና የናፖሊዮን ጦር ተዋግተዋል። በመጨረሻው ቀን መንደሯ ውስጥ በሳንጃ ከገቡት መካከል ኮናክት ሬንጀርስ የሚባለው የአይሪሾች ክፍለ ጦር ነበረበት። ዘፈኑ ግን የመንደሯን ስም አይጠራም። ማን እንዳሸነፈ አይነግረንም። እናት ይህ ምኗም አይደለም። የእሷ ጥያቄ አንድ ነው፤ እግሮቹስ? በመጨረሻም፣ የፈረንሳይን ንጉሥ ከነባሕር ኃይሉ ከምታገኝ ቴድን እንደ ድሮው ብታገኘው እንደምትመርጥ ትናገራለች። አለቀ።

ሁለተኛው ዘፈን ከዚህም ይከፋል። «ጆኒ፣ አይ ሃርድሊ ኒው ዪ» ይባላል። «ጆኒ፣ አንተ መሆንህን መች አወቅኩህ» እንደ ማለት ነው። አንድ መንገደኛ ከዚህ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ኪልዴር ውስጥ ወዳለችው አታይ ሲሄድ አንዲት ሴት ስታለቅስ ይሰማል። ጆኒ እሷንና ልጇን ጥሎ ዘምቶ ነበር። አሁን ተመልሷል። ከሲሎን፣ ከዛሬዋ ስሪላንካ። ሴትየዋ ገላውን ትቆጥራለች። ያ ለስላሳ ዓይንህ የት ሄደ? ሲሮጥ የነበረው እግርህ የት አለ? ዳንስህ አበቃ እንግዲህ። እጅ የለህ፣ እግር የለህ፣ ዓይንና አፍንጫ የሌለህ፣ ጫጩት የሌለበት እንቁላል ሆነህ መጣህ። ሳህን ይዘህ መለመን ነው የቀረህ። በየስንኙ መሐል ደግሞ «ሁሩ! ሁሩ!» እያለ ሕዝቡ ይጮኻል። ዘማች ሲሸኝ የሚጮኸውን «ሆ!» አስቡት። እሱኑ ነው እዚህ የምትሰሙት፤ ሰውየው ግን ሲመለስ ነው።

እዚህ ላይ ከጽሑፌ ወጣ ልበል።

በእኛ አቆጣጠር 1983 ሰኔ ላይ ነው። እኔ ልጅ ነኝ። አያቴ ቤት ነን። አጎቴ በብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ አምስት ዓመት ሆኖታል። ደብዳቤው ከቆመ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጦሩ ተበትኖ ወታደሩ በየመንገዱ በእግሩ እየመጣ ነበር፤ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በር ላይ ሰው ቆመ። ጢሙ ደረቱ ደርሷል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ገብቷል። አያቴ ብቅ ብላ አየችውና «ማንን ፈልገው ነው ጌታዬ?» አለችው።

ሰማችሁኝ? ልጇን ነው አንቱ ያለችው። በማኅፀኗ የተሸከመችውን ልጅ።

እሱ አልመለሰላትም። «እማ» ብቻ አለ። ከዚያ አያቴ ምንም አልጮኸችም። እልልም አላለች። በእጇ ጭንቅላቱን ያዘች፣ ትከሻውን ያዘች፣ ክንዱን ዳበሰች፣ ጣቶቹ ላይ ደረሰች። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ግራ እጁ ላይ ሦስት ናቸው። «ሁለቱሳ?» አለችው።

ያን ሌሊት መጦሪያው ውስጥ እጄ ትራስ ላይ የቀረው ለዚህ ነው። አታይ መንገድ ላይ የቆመችው ሴት አያቴ ናት። ዘፈኑን የሠራው ሰው አያቴን አያውቃትም። ግን ያውቃታል።

እኛ ጦርነትን በዜማ እናውቀዋለን። ቀረርቶ አለን፣ ሽለላ አለን፣ ፉከራ አለን። ይሄ የሚሄደው ሰው ዜማ ነው። ሳይመለስ ሲቀር ደግሞ ሙሾ አለን። አይሪሾችም አልቃሽ ነበራቸው። በየቀብሩ የሚጠሩ፣ ሟቹን በስሙ እየጠሩ «ለምን ተውከን?» እያሉ የሚያወርዱ ሴቶች። ቤተ ክርስቲያን ብዙ ጊዜ ስትቃወማቸው ኖራ፣ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ከገባ በኋላ ልማዱ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። «ጆኒ» ውስጥ ግን ያን ድምፅ እሰማዋለሁ። ሟቹን በስሙ መጥራት፣ ገላውን መቁጠር፣ መውቀስ። ልዩነቱ ጆኒ አልሞተም። ፊቷ ቆሟል። ለቆመ ሰው የሚወርድ ሙሾ ነው።

ሁለተኛው ነገር። ከየት መጡ?

ከድህነት መጡ። በጣም ቀላል ነው መልሱ። የአየርላንድ ድሃ ለዘመናት የሰው ጦር ሲሞላ ነው የኖረው። በ1691 እዚህ አገር የነበረው ጦርነት በሊምሪክ ስምምነት ሲያበቃ ወደ 14 ሺህ የሚሆኑ ወታደሮች አዛዣቸውን ፓትሪክ ሳርስፊልድን ተከትለው ወደ ፈረንሳይ ተሻገሩ። «ሹል አ ሩን» የሚባለው ዘፈን የዚያን ዘመን ትዝታ የያዘ ነው ይባላል። ሴቲቱ እንዝርቷንና መፍተያዋን ሸጣ ለወዳጇ ሰይፍ ትገዛለታለች። እሱ ፈረንሳይ ይሄዳል። እሷ ቀሚሷን ቀይ አስነክራ ዳቦ እየለመነች ዓለምን ልትዞር ነው። አዝማቹ በአይሪሽ ቋንቋ ነው፤ «በሰላም ሂድልኝ ፍቅሬ» ይላል። ዜማውን ስትሰሙት አንጀት ይበላል።

በ1830 ከእንግሊዝ ጦር ሠራዊት መቶ ወታደር ውስጥ አርባ ሁለቱ አይሪሽ ነበሩ። መቶ ውስጥ አርባ ሁለት! እንግሊዝን ወደው ነው? ምግብ ነበር። ጫማ ነበር። ቀይ ኮት ነበር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነትም በሰሜኑ በኩል ብቻ ወደ 150 ሺህ የሚሆኑ በአየርላንድ የተወለዱ ሰዎች ተሰልፈዋል። ከረሃብ ሸሽተው ከመርከብ የወረዱ ናቸው። «ፓዲስ ላመንቴሽን» የሚለው ዘፈን የእነሱ ነው። በዘፈኑ ውስጥ አንዱ እግሩን አጥቶ፣ ከተስፋው ሁሉ የእንጨት እግር ብቻ ቀርቶት፣ ለአገሩ ልጆች ይልካል። «ወደ አሜሪካ አትምጡ። እዚህ ከጦርነት በቀር ምንም የለም» ይላቸዋል። ወገኖቼ፣ ከስደት ወደ አገር ቤት የተላከ መልእክት ነው። እኛ እንዲህ ያለ መልእክት ስንት ጊዜ ሳንልክ ቀርተናል?

በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ከ200 ሺህ በላይ አይሪሾች በእንግሊዝ ጦር ውስጥ አገልግለዋል። ኮርክ ከተማ ውስጥ ሚስቶቻቸው ይዘፍኑት የነበረ አንድ ዘፈን አለ። «ባሌ ሳሎኒካ ነው፤ ይሙት ይኑር እንጃ» ብሎ ይጀምራል። ሳሎኒካ ግሪክ አገር ነው። በ1918 ደግሞ እንግሊዝ የግዳጅ ምልመላ ሕግ ስታወጣ አገሩ ሁሉ ተነሳ። ኤፕሪል 23 ቀን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። ባቡር ቆመ፣ ሱቅ ተዘጋ። ሕጉ አየርላንድ ውስጥ ሳይፈጸም ቀረ። ታዲያ ያን ቀን አድማ የወጣው ሰው «አልሄድም» ማለትን ከየት ተማረው? እኔ የምለው፣ ቢያንስ አንዱ መምህሩ «አርተር ማክብራይድ» ነው።

ስለዚህ ዘፈን ትንሽ ታገሱኝ፤ በጣም ነው የምወደው።

የገና ዕለት ጠዋት ነው። ሁለት የአጎት ልጆች በባሕር ዳር ይንሸራሸራሉ። አንዱ ዘፋኙ ነው፣ ሌላው አርተር ማክብራይድ። ሳጅን፣ አንድ አሥር አለቃና ትንሽ ከበሮ መቺ ልጅ ያገኟቸዋል። «መልካም ገና!» ይባባላሉ። ሳጅኑ ምልመላውን ይጀምራል። አሥር ጊኒ ወርቅ አሁኑኑ በእጃችሁ ይላል። ለንጉሡ ጤና የምትጠጡበት ሳንቲም ደግሞ በላዩ ላይ። ወታደር ምን የመሰለ ኑሮ ይኖራል! ንጹሕ ልብስ፣ ቆንጆ ሚስት፣ ዕዳ የለ፣ ሐሳብ የለ። አርተር በትሕትና ነው የሚመልሰው። ልብሳችሁ የእናንተ አይደለም ይለዋል፤ በውሰት ነው የለበሳችሁት፣ ማታ መቀየር አትችሉም፣ ብትቀይሩ በጅራፍ ትገረፋላችሁ። ወርቃችሁንም አንፈልግም። ፈረንሳይ ልካችሁን ጠዋት ሳንነግር ሳንሰናበት በጥይት ልታስጨርሱን ነው።

ሳጅኑ ተናደደ። ሰይፌን እመዛለሁ አለ። ልጆቹ ሽመል ይዘዋል። ሰይፉ ሳይመዘዝ ሽመሉ አናቱ ላይ አረፈ። ከዚያ ከበሮውን ወሰዱና እንደ ኳስ እየለጉ ወደ ባሕሩ ሰደዱት። ከበሮው በማዕበሉ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያችሁ! የምልመላ ከበሮ ነው። በየመንደሩ የድሃ ልጅ የሰበሰበ ከበሮ ነው። አሁን ውኃ ላይ እየተንገዋለለ ነው። ይህን ስሰማ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ አልደብቃችሁም።

ሌላም ነገር ልጨምር። ይህን ዘፈን ፓትሪክ ዌስተን ጆይስ የተባለ ሰብሳቢ በልጅነቱ፣ ወደ 1840 ግድም፣ ሊምሪክ ውስጥ ሰምቶት በ1909 አሳተመው። ዘፈኑ ግን ባሕርም ተሻግሯል። አሜሪካ፣ ሜይን ውስጥ የምትኖር ኬሪ ግሮቨር የምትባል ሴት ከቤተሰቧ የሰማቻቸውን ዘፈኖች በመጽሐፍ ስታወጣ እሱም አብሮ ነበር። ስትራቤን ያደገው ዘፋኝ ፖል ብሬዲ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ሳለ ያን መጽሐፍ አገኘ። ይዞት ተመለሰ። በ1976 ከአንዲ አርቫይን ጋር ባወጣው አልበም ላይ በጊታሩ ብቻ ተጫወተው። በ1992 ቦብ ዲላን እንደገና ዘፈነው። ዘፈንም እንደ እኛ ይሰደዳል። ተሰዶ፣ አርጅቶ፣ በሰው ልጅ ጀርባ ታዝሎ አገሩ ይገባል።

አሁን ስለ «ጆኒ» አንድ እውነት ልንገራችሁ። አንዳንዶቻችሁ ላይወዱት ይችላሉ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ከፍቶኝ ነበር።

ሰው ሁሉ «ጆኒ» በጣም የቆየ የሕዝብ ዘፈን ነው ይላል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ሲሎን ከዘመቱት ወታደሮች ጋር የመጣ ነው ይላል። የታተመው ግን በ1867 ለንደን ውስጥ ነው። የጻፈው ጆሴፍ ጌገን የሚባል፣ እንግሊዝ አገር የተወለደ፣ ዘሩ ከአየርላንድ የሆነ ሰው ነው። ሥራው ለቴያትርና ለመጠጥ አዳራሾች የሚያስቅ ዘፈን መጻፍ ነበር። አዎ፣ ለሳቅ ነው የተጻፈው። ከአራት ዓመት በፊት ደግሞ፣ በ1863፣ ጎልዌይ ውስጥ ተወልዶ አሜሪካ የገባው የባንድ መሪ ፓትሪክ ጊልሞር «ጆኒ በሰልፍ ሲመለስ» የሚል ዘፈን አውጥቶ ነበር። በእሱ ዘፈን ጆኒ ሲመለስ ደወል ይደወላል፣ ወንዱ ይጮኻል፣ ሴቱ በደስታ ይወጣል። ዛሬ ሁለቱም ዘፈኖች በአንድ ዜማ ነው የሚዘፈኑት። በአንዱ ጆኒ ሙሉ ሰው ሆኖ ይመለሳል። በሌላው ተቆራርጦ።

ሳቅ የነበረው እንዴት ለቅሶ ሆነ? ማን ለወጠው? የዘፈነው ሕዝብ ለወጠው። ልጁ ተቆራርጦ የመጣበት ሰው ይህን ዘፈን በሳቅ ሊጨርሰው አይችልም። ቀስ አድርጎ ይዘፍነዋል። ያኔ ቃሉ ይሰማል። ክላንሲ ብራዘርስና ቶሚ ሜከም በ1960ዎቹ ዓለምን እየዞሩ ሲዘፍኑት የመድረክ ቀልድነቱን የሚያስታውስ ሰው የነበረ አይመስለኝም። መጨረሻ ላይ የምንሰማው «መድፉን እንደገና እያወጡት ነው፤ ልጆቻችንን ግን ዳግም አይወስዱም» የሚለው ስንኝ በ1867ቱ ጽሑፍ ላይ የለም። ከሁለቱ የዓለም ጦርነቶች ዘመን ወዲህ የመጣ ጭማሪ ነው። ዋናው ሐሳብ የሚመስለን ስንኝ ለካ መጨረሻ የገባው ነው።

ይህን ሳውቅ ዘፈኑ ከልቤ አልወረደም። እንዲያውም ከበደኝ። ዘፈኑ ፀረ ጦርነት ሆኖ አልተወለደም። ሰዎች በአፋቸው፣ በሐዘናቸው ፀረ ጦርነት አደረጉት።

ሦስተኛው ነገር ይሄው ገባ ማለት ነው። ለምን አልሞቱም?

በእኛ ቋንቋ «አዝማች» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ አለው። ሰውን ወደ ጦርነት የሚወስደው አዝማች ነው። በዘፈን ውስጥ ሕዝቡ የሚቀበለውም አዝማች ነው። እስቲ አስቡት። እነዚህ ዘፈኖች ውስጥ ሁለቱ አዝማቾች ይጋጠማሉ። ሳጅኑ ልጁን ይወስዳል። ሕዝቡ ደግሞ በአዝማቹ ልጁን መልሶ ይጠራዋል። «ሁሩ! ሁሩ!» ብሎ የሚጮኸው ቤቱ ሙሉ ሰው ነው። ስለዚህ ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ብቻ የለም። ሳታውቀው አንተም ዘፍነሃል። እኔ ወር ሙሉ እንደዘፈንኩት። ቃሉ ኋላ ነው የሚደርስብህ። ሲደርስብህ ደግሞ አፍህ ውስጥ ነው የምታገኘው።

ደግሞ ማንም ሊጨምርበት ይችላል። በ1976 ኤሪክ ቦግል የሚባል፣ ስኮትላንድ ተወልዶ አውስትራሊያ የሚኖር ሰው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ስለሞተ ዊሊ ማክብራይድ ስለተባለ ወጣት ወታደር ዘፈን ጻፈ። ፊዩሪስ የሚባሉት ወንድማማቾች እዚህ አየርላንድ ዘፈኑት። ዛሬ የትኛውም ፐብ ብትገቡ «ይሄማ የእኛ ጥንታዊ ዘፈን ነው» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። አትከራከሩት። የተቀበለው ሕዝብ የእሱ አድርጎታል።

ወታደሩን አለመስደባቸውስ? ቴድ ሞኝ አይባልም። ጆኒ ገዳይ አይባልም። እናትየውም ሚስትየውም የሚቆጡት ከፍቅር ነው። ወቀሳው ከኋላ ላለው፣ ለላከው ነው። ለዚህ ነው አዛውንቱ «ሌላ ማን ይዝፈነው?» ያሉኝ። ዘመቻ ያልሄደ ሰው ስለ ሰላም ሲናገር ወታደሩ ይከፋዋል። ይህን ዘፈን ግን ወታደሩ ራሱ ሊዘፍነው ይችላል። እንዲያውም አጎቴ እንግሊዝኛ ቢያውቅ ኖሮ ይዘፍነው ነበር እላለሁ። ሦስት ጣት ያለው እጁን አልጋ ብረት ላይ እየመታ።

የአዛውንቱን መጨረሻ ልንገራችሁና ላብቃ።

በመጨረሻዎቹ ወራት የመርሳት በሽታው በረታባቸው። ስሜን ረሱ። ኮንጎን ረሱ። ሱፉን ረሱ። ሴት ልጃቸው እሑድ እሑድ ትመጣ ነበር። አንድ እሑድ አጠገባቸው ተቀምጣ «አባዬ፣ እኔ ነኝ» ስትላቸው በትሕትና «ይቅርታ፣ አላወቅኩሽም» አሏት። እሷ ወደ መስኮቱ ዞረች። እኔ መድኃኒት ይዤ በር ላይ ነበርኩ፤ መግባትም መውጣትም አቃተኝ። ትንሽ ቆየችና፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ እንዳዞረች፣ «ሚስስ መግራ»ን በለሆሳስ ጀመረችው። የመጀመሪያውን ስንኝ ጨረሰች። አዝማቹ ጋ ስትደርስ ዝም አለች።

ከኋላዋ «ቱ ሪ አ» የሚል ድምፅ መጣ። ጣታቸው የአልጋውን ብረት እየመታ ነበር። ተመልሳ መጥታ እጃቸውን ያዘች። እስከ መጨረሻው አብረው ዘለቁት። ስንኙን እሷ፣ አዝማቹን እሳቸው።

እዚህ አገር የቆየ ልማድ አለ። ሰው ያለ ሙዚቃ መሣሪያ በድምፁ ብቻ ሲዘፍን አጠገቡ ያለው ሰው እጁን ይይዝለታል። በዜማው ልክ ቀስ እያደረገ ያወዛውዝለታል። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኗል። የመጨረሻዋን መስመር ብዙ ጊዜ አይዘፍናትም፤ በተራ ንግግር ይላታል። ከዚያ ሁሉም ሰው ወደየነበረበት ይመለሳል።

ዛሬ የጋበዝነው ጎረቤታችን ከዚያ ጥግ ተቀምጧል። «ጆኒ»ን ሊዘፍንልን ፈቃደኛ ሆኗል። ቡናው ትንሽ ይቆየን፣ የረከቦቱ ድምፅም ይቁም። ልጆች፣ «ሁሩ» የሚለውን እናንተ ናችሁ የምትቀበሉት። እማማ፣ እርስዎ ቅርብ ነዎት፤ እጁን ይያዙለት።